አንክል ጆሺና የሁዳዴ ሽሮ

አንድ ቀን፣ ሕንድ አገር፣ ፑኔ በምትባል ከተማ፣ ይበልጣል የሚሉት የቡሬ ልጅ ከተከራየበት ክፍል ሊባረር ሲል ለጥቂት ተረፈ። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? መጾሙ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ይበልጣል ለማስተርስ ትምህርት ሄዶ፣ ክፍል ፍለጋ ጫማው እስኪያልቅ ከዞረ በኋላ፣ አንክል ጆሺ የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ሹም ምድር ቤታቸውን አከራዩት። እዚያ አገር በዕድሜ የገፋውን ሁሉ «አንክል»፣ ሚስቲቱን ደግሞ «አንቲ» ነው የሚሏቸው። አንክል ጆሺ ሥጋ የሚባል ነገር በደጃቸው አያልፍም። እሱስ ባልከፋ፣ ሃይማኖታቸው ነው። ችግሩ ሰውዬው የማያውቁት ነገር የለም! ስለ ጨጓራ እሳቸው፣ ስለ ዝናብ እሳቸው፣ ረግጠዋት ስለማያውቋት ኢትዮጵያም አስተማሪው እሳቸው ናቸው። «የእናንተ አገር ሰው ያለ ሥጋ አንድ ቀን አያድርም» ብለው አንዴ ፈርደዋል፤ ማን ይመልሳቸዋል?

ሁዳዴ ገባ። ይበልጣል እናቱ ቤት እንደለመደው መጾም ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ሲመለስ ከአገር ቤት የተላከለትን ሽሮ ይጥዳል፤ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ሲንተከተክ ሽታው ደረጃውን ይወጣና አንክል አፍንጫ ላይ ጉብ ይላል። አንቲ ደግሞ ደግ ሴት ናቸው፤ ልጁ ከሳብኝ ብለው ላዱ የሚሉትን በቅቤ የተለወሰ ድቡልቡል ጣፋጭ በሳህን ይልኩለታል። ቅቤ ነዋ! ምራቁን እየዋጠ ይመልሰዋል። አንዴ «ጾም ላይ ነኝ እኮ» ብሎ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ አንክል ከአፉ ነጥቀው ስለ ጾም ራሳቸው ሲያስተምሩት አመሹ።

እሑድ ዕለት አንክል ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው በረንዳ ላይ በወተት የፈላ ሻያቸውን እየጠጡ ሳለ፣ ያ የሽሮ ሽታ ከች አለ።

«ሸተታችሁ?» አሉ አንክል፣ ከወንበራቸው ተነስተው። «ይኼ ሥጋ ነው! ይበልጣል! ና ውጣ!»

ይበልጣል ማማሰያውን እንደያዘ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ አፍጥጦ ያየዋል። የትምህርት ቤት ፈተናው ደርሷል፤ ከዚህ ቤት ከወጣ እንደገና ያን ሁሉ በር ሊያንኳኳ ነው።

«አንክል፣ የሽምብራ ዱቄት ነው። ይምጡና ድስቱን ይዩት።»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው? ሽምብራ እንደዚህ አይሸትም! ደግሞስ የሚስቴን ላዱ በየቀኑ የምትመልሰው ለምንድን ነው? በሥጋ የጠገበ ሆድ ካልሆነ ላዱ የሚጠላ ሆድ የት አለ?»

«ጠልቼው አይደለም አንክል፣ ቅቤ ስላለው ነው።»

«ወሬ አታብዛ!» አንክል ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው ደረታቸውን ነፉ። «ሁላችሁም ምስክር ሁኑ። የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ከእንስሳ አካል የወጣ ነገር አፉ የገባ ሰው እዚህ ቤት አያድርም። የገዛ ወንድሜ ቢሆን አልምረውም! ዛሬውኑ ይወጣል!»

አንቲ «ኧረ ተው፣ ልጁን አታስደንግጠው» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ይበልጣል ተናደደ። ግን የአንክልን ብርጭቆ ሲያይ ንዴቱ ወዴት እንደሄደ እንጃ። አንገቱን በአክብሮት ዝቅ አደረገ።

«ልክ ነዎት አንክል፣ ሕግ ሕግ ነው። እኔ ጾሙ ከገባ ሥጋ ይቅርና ወተትም፣ እርጎም፣ ቅቤም በአፌ አልዞረም። እርስዎ ግን አሁን በእጅዎ የያዙት ሻይ ውስጥ ያለው ወተት ከላም አካል ነው የወጣው። ስለዚህ በራስዎ ሕግ ዛሬ ከዚህ ቤት የሚወጡት እርስዎ ነዎት። ብቻ በዚህ ዕድሜዎ የት ይገባሉ? አይዞዎት፣ እስከ ፋሲካ ድረስ እታገስዎታለሁ።»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ፤ አንቲማ የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ያዙ። ከዚያ ቀን ወዲያ ለይበልጣል ወተት የሌለው ሻይ ይወርድለት ጀመር፤ አንክል ጆሺ ደግሞ እስከ ፋሲካ ድረስ የወተት ሻያቸውን በር ዘግተው ነው የጠጡት።