ዳንቴል የለበሰው ማይክሮስኮፕ

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ርዕሰ መምህር ለትምህርት ቤታቸው የተላከውን ብቸኛ ማይክሮስኮፕ፣ ተማሪ እንዳይሰብረው ብለው ቢሯቸው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት። ባለቤታቸው የሠሩትን ዳንቴልም አለበሱት። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።

በዚያው ትምህርት ቤት ስለ ሳይንስ፣ ስለ ጥበብና ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ በሦስት ዓምድ የግድግዳ ጋዜጣ የምታዘጋጅ አንዲት ምላሰኛ ተማሪ ነበረች። ያላየችውን እንደማትጽፍ ከጋዜጣው ስም ሥር በቀይ እስክሪብቶ አስፍራለች።

አንድ ቀን ከወረዳ ተቆጣጣሪ እንደሚመጡ ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዋን ቢሯቸው አስጠሯት።

«በሦስቱም ዓምድ ማይክሮስኮፓችንን አወድሺና ለእንግዳው አንብቢ። እምቢ ካልሽ የብሔራዊ ፈተና ካርድሽን አልሰጥሽም። ያላየሽውን ከጻፍሽ ደግሞ ቃልሽን አፍርሰሻልና ጋዜጣሽን እዘጋዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች፣ ቁም ሣጥኑን ቀና ብላ እያየች።

እንግዳው መጥተው ቢሮ ውስጥ ሲቀመጡ ወረቀቷን ዘርግታ አነበበች።

«ጥበብ፦ ማይክሮስኮፓችን የለበሰው ዳንቴል ላይ ያለው ጣዎስ ነፍስ ያለው ይመስላል። ማኅበራዊ ጉዳይ፦ ጣዎሱን የሠሩት የርዕሰ መምህራችን ባለቤት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ። ሳይንስ፦ ማይክሮስኮፕ በዓይን የማይታየውን ያሳያል። የእኛን ማይክሮስኮፕ ለማየት ግን ሌላ ማይክሮስኮፕ ስለሚያስፈልገን፣ ወረዳው እንዲልክልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ተቆጣጣሪው ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው ተነሡና ዳንቴሉን ገፈፉት። ካርዷ እዚያው ተሰጣት፤ ማይክሮስኮፑም ቤተ ሙከራ ገባ። ዳንቴሉ ግን ሥራ አልፈታም። በማግስቱ አቶ ልሳነወርቅ ለትምህርት ቤቱ የተላከውን አዲስ ኮምፒውተር አለበሱት።