የአያ ጅቦ ማሲንቆ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ስጡኝ።

አንድ ጅብ ለጊዜ ማሳለፊያ ማሲንቆ መጫወት አማረው። እንጨቱን ጠረበ፤ ደጋኑን አጎበጠ። ከዚያም ሁሉን አማኙን ፈረስ ለምኖ ከጭራው ፀጉር ወሰደና ክር አደረገው።

ፈረስ እየሳቀ ወደ ጎረቤቱ ወደ ፍየል ሄደ። ፍየል ተጠራጣሪ ናት፤ በሩን ገርበብ አድርጋ አናገረችው።

«እመት ፍየል፣ አያ ጅቦ ነገ ማሲንቆ ሲጫወት እንድንሰማው ጠርቶናል!»

«ማሲንቆው አልቋል?»

«ቆዳው ብቻ ነው የቀረው።»

«ቆዳውን ከየት ሊያመጣ ነው?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩትም። አንቺ ደግሞ ሁሉን መጠርጠር! ከኔ የወሰደው ጭራ ብቻ ነው፤ ያውም አመስግኖ።»

«እኔ አልሄድም። አንተም ይቅርብህ።»

ፈረስ ግን ሄደ።

በማግስቱ የማሲንቆ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ፍየል ፈረስ እስኪመለስ ብትጠብቅ አልመጣም። የመጣው ጅብ ነው፤ እየተጫወተ ደጇ ድረስ። ማሲንቆው የሚዘፍነው ግን በፈረስ ድምፅ ነበር፦

«እመት ፍየል፣ ውጪና ስሚው እንጂ! አጨዋወቱ ለጉድ ነው!»

ፍየል በሩን ቀረቀረች።

ተረቴን እዚህ ላቁም። ቆይ፣ ያን የቤታችንን በር ማን ነው ክፍት የተወው?