ዝም ያለችበት ጉብታ

ቀጭን ውሃ ወደምትባለው የቆላ መንደር የወረደ ሰው አንድ ነገር ሳይገርመው አይመለስም። በዚያ መንደር ሴቶቹ ምግብ ባቀረቡ ቁጥር ደጃፍ ወጥተው ስሙን ሦስት ጊዜ ይጣራሉ፤ ጧት «ቁርስ»፣ እኩለ ቀን ላይ «ምሳ»፣ ጥላ ሲረዝም «መክሰስ»፣ ሲመሽ «እራት» እያሉ። የሚበላው አንድ እፍኝ ንፍሮ ቢሆን፣ የሚሰማቸውም ሰው ባይኖር፣ ሳይጣሩ አይቀመጡም። ከትልቁ ማሳ ራስ ላይ ያለችውን ጉብታ ደግሞ «ዝም ያለችበት» ይሏታል። ሽማግሌዎቹ ለምን ተብለው ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም፤ ደስ የሚል ወሬ አይደለምና።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን የዚያ አገር ባላባት ግራዝማች ወሰኔ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ማሳ የሚያጭድ ሰው ማጭዱን የሚያስቀምጠው የምግቡ ስም ከጉብታዋ ላይ ሲጠራ ብቻ ነበር፤ ሳይጠራ ያረፈ ሆዳም ይባላል፤ በዚያ አገር ሆዳም ከመባል ሞት ይሻላል የሚል ሰው ሞልቶ ነበር። ልማዱ ከአባት የመጣ፣ ሁሉም እኩል ይረፍ ተብሎ የተበጀ ነው ይባላል። ግራዝማች ግን ልጓም አደረጉት። አንድ አንድ እፍኝ ቆሎ አስበትነው «ምሳ» ያስብላሉ፤ ስሙ ከተጠራ ማን አፉን ይከፍታል? መክሰሱን ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ያስጠራሉ። ሳይፈቅዱላት የጠራች ሴት የባሏ መሬት ይነጠቃል።

ጠሪዋ የግራዝማች ወጥ ቤት የውብዳር ነበረች። ባሏ አንለይ በግራዝማች መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ሲሆን፣ ያን ዓመት አጨዳ ሲደርስ ከወባ ከተነሳ ገና ሳምንቱ ነበር። ልቅር ቢልም ማንም አልሰማውም፣ ከአጫጆቹ ጋር ወጣ። በዚያ ቀን ከበስተምሥራቅ ደመና ቋጠረና ግራዝማች ጤፉ ዝናብ እንዳይመታው ፈሩ። ቁርስ ተጠራ፤ ምሳ በአንድ እፍኝ ቆሎ ታለፈ፤ የመክሰሱ ሰዓት ደረሰ። የውብዳር ድፎ ዳቦውን ቆርሳ፣ ጠላውን በገንቦ አስይዛ ጉብታዋ ላይ ቆመች። ግራዝማች ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከዳቦው እየቆነጠሩ ይቀምሱ ነበር።

ከታች አንለይ እየተንገዳገደ አንድ እፍኝ ያጭዳል፣ ቀና ብሎ ሚስቱን ያያል፣ ደግሞ ያጎነብሳል። ማጭዱን ቢጥል ሆዳም መባሉ ነው፤ ደግሞ እሷ እያየችው ሌላው አጫጅ እንዲስቅበት አልፈለገም። እሷም በልቧ አሁን ይጥለዋል፣ አሁን ይቀመጣል ትላለች። ጥሪው ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ መሬቱ ትዝ ሲላት ዋጠችው።

«ጌታዬ፣ ልጥራ?» አለች በመጨረሻ።

«ገና ነው» አሉ ግራዝማች፣ ዳቦውን እያኘኩ።

አንለይ በነዶው ላይ ተደፍቶ በዚያው ቀረ። አጫጆቹ ሲደርሱ ማጭዱን ከእጁ ማላቀቅ አቅቷቸው ነበር ይባላል። ግራዝማችም ሬሳው ከማሳው ሳይነሳ፣ የቀረው ጎን ታጭዶ እስኪያልቅ ድረስ መክሰሱ እንዳይጠራ አዘዙ። የውብዳርም አልጠራችም። የሚያስቆጨው ነገር ይህ ነው፤ መሬቱ የሚያርሰው የለም ተብሎ በሳልስቱ ለሌላ ተሰጠ። ዝም ብላ ያተረፈችው አንዳች ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከአንለይ የወለደችውን አራስ ልጇን አዝላ እዚያው ወጥ ቤት ዓመታት ቆየች። ጨው አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም፤ ወጧ እንደ ወትሮው ይጣፍጥ ነበር። ግራዝማች ዘመዶቻቸውን አንድ ባንድ ያባረሩ፣ ልጅም ያልወለዱ ሰው ናቸውና ሲያረጁ ከእሷና ከሎሌዎቻቸው በቀር ማንም አልነበራቸውም። አንድ ጧት ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ዓይናቸው ብቻ ቀረ።

በግራዝማች ቤት ከጌታው ጀምሮ ሳይጠራ እጁን ወደ ምግብ የሚሰድ አልነበረም፤ ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነው። የውብዳር ለሎሌዎቹ በጓሮ ትጠራላቸዋለች፤ የጌታዋን ቁርስ ግን አቅርባ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠችው፣ አልጠራችም። ምሳውን አቀረበች፣ አልጠራችም። ትኩስ ዳቦ በዓይናቸው ፊት ቆረሰች። ውሃውንማ ጥጥ እየነከረች ከንፈራቸው ላይ ታንጠባጥብላቸው ነበር አሉ፤ ቶሎ እንዳይሞቱባት። ሎሌዎቹ በደጅ ሲያልፉ በልተዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

«ገና ነው፤ አልተጠራም» ትላለች።

አንዱም ሎሌ ልጥራ አላለም። በስድስተኛው ቀን ግራዝማች አንድ ዓይናቸው እምባ አዝሎ፣ ወደ ዳቦው እንደዞሩ ሞቱ። እሷም ደጃፍ ወጥታ ወንዝ በሚሻገር ድምጽ «መክሰስ» ብላ ሦስት ጊዜ ተጣራች፤ ሎሌዎቹ ገብተው በሬሳው ፊት በሉ።

አገሬው ለፍርድ በዛፍ ጥላ ተቀመጠ። ለአንለይ ያለቀሱት ሽማግሌዎች ለግራዝማች አላለቀሱም፤ ነገር ግን ዝምታ ሰው እንደሚገድል ሁለት ጊዜ አይተው ፈሩ። ከእንግዲህ ማንም ያቀረበ ይጥራ፣ ያልተፈቀደለትም ይጥራ ብለው ፈረዱ። የየውብዳር ወገን አፍ ግን ይጠራል ተብሎ አይታመንም፤ እስከ ሰባት ትውልድ አይጣሩ አሉ።

ሰባቱ ትውልድ ዛሬም አላለቀም ይባላል። በእሷ ዘሮች ቤት ምሳ ሲቀርብ ቤተሰቡ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና ጎረቤት እስኪጠራለት ይጠብቃል። ጎረቤቲቱ የተቀየመች ቀን ወይም ገበያ የዋለች ቀን ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ እናትየው የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዝም ትላለች።