ቀፎውን የሰማና ቀፎውን ያዳመጠች

ሰናይት በከተማው ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ልትፈተን አንድ ቀን ቀርቷታል። የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ዘጋችና ለአማቷ ለእማማ እልፍነሽ፣ «ሒርም መስማት፣ ሊስንም መስማት! ፈረንጆቹ አንዱ አይበቃቸውም ነበር?» አለቻቸው።

«አስተማሪሽስ ምን አለ?»

«አንዱ ጆሮ ስላለን ነው፣ ሌላው ስለፈለግን ነው አለ። አልገባኝም።»

እማማ እልፍነሽ ከፊደል ቆጠራ ያለፈ ትምህርት የላቸውም፤ አላውቅም ማለት ግን አይወዱም። እንዲህ ሲሉ መለሱላት።

አንድ ንብ አናቢ ነበረ። ስድስት ቀፎ ነበረው፤ አምስቱ እንደ ነገሩ ናቸው፣ ስድስተኛው ግን የዓመት ቀለቡ ነው። ይህ ቀፎ ከመኝታው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል ስለ ተሰቀለ፣ ተኝቶም፣ በልቶም፣ ከሚስቱ ተጣልቶም ድምፁ ከጆሮው አይጠፋም። «ንቦቼንማ ቀን ከሌት እሰማቸዋለሁ» እያለ ይኮራ ነበር።

ጎረቤቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ባዶ ቀፎ እንጂ ንብ የላትም። አመሻሽ ላይ በአጥሩ ስታልፍ ቆም ትልና ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጆሮዋን ወደዚያ ቀፎ ትሰጣለች። በመስከረም ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ ከጉምጉምታው መሀል ጢጥ፣ ጢጥ የምትል ቀጭን ድምፅ ለየች። አዲስ አውራ ንብ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ንቡ ሊሰደድ ነው ማለት ነው።

«አያ፣ ንብህ ሊሄድብህ ነው። ባዶ ቀፎ አዘጋጅ» አለችው።

«ሰማሁሽ፣ ሰማሁሽ» አላት ሞፈር እየጠረበ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ሐሙስም ነገረችው።

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ! ጆሮ የለኝም?»

«ጆሮስ አለህ» ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ንቡ እንደ ጭስ እየተግተለተለ ወጣ። ሰውየው አፈር እየበተነ፣ ጣሳ እየደበደበ ተከተለው። ንቡ አጥሩን ተሻገረና ሴትዮዋ በጢስ አጥና ደጇ ካለው ዋንዛ ላይ የሰቀለችው ባዶ ቀፎ ውስጥ ገባ።

በአገሩ ወግ የተሰደደ ንብ ለገባበት ቀፎ ባለቤት ይሆናል። ሰውየው ግን እሷን ሽማግሎች ፊት አቆማት።

«ድምፁን ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ!» አለ።

አንዱ ሽማግሌ፣ «ንቡ ሊወጣ ሰሞን ምን ሲል ሰማኸው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ንብ ምን ይላል? እዝዝዝ ነዋ!»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ ስለ ቀጭኗ ድምፅ ተናገረች፤ ሁለቴ እንደ ነገረችውም እሱ ራሱ አልካደም። ንቡ እሷው ዘንድ ቀረ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ምንም የለም።

እማማ እልፍነሽ ወደ ሰናይት ዞሩ። «ሒር ያልሽው የሰውየው ነው፤ ድምፁ ራሱ መጥቶ ይገባል፣ ለዚያማ ጆሮ መኖሩ ይበቃል። ሊስን የሴትዮዋ ነው፤ ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ራሷ ወደ ድምፁ ሄደች። አንቺ ደግሞ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ራስሽን መነቅነቅ ትወጃለሽ። ነገ ፈታኙ ገና አፉን ሲከፍት የስ፣ የስ ብትይ፣ ወንበሩን ከኋላሽ ለተሰለፈችው ይሰጣታል፤ እሱንም ጥፋተኛ አትበይው።»