የሚያንቀላፉት ተሳፋሪዎች

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው አውቶቡስ መንዳት።

አስካለ፣ ትናንት የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «አባባ፣ ለማያመሰግን ሰው መልፋት ምን ይረባኛል? ሰኞ የአውቶቡሱን ቁልፍ ላስረክብና ልረፍ?» ብለሽኛል። እኔ ወዲያው መልስ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ አድሬበታለሁ። ዛሬ እሁድ ነው፣ አንቺም ከሥራ አርፈሻል። አሁን እነግርሻለሁ። እስክጨርስ አታቋርጪኝ።

ይህ ሰው የሚነዳው አውቶቡስ ከከተማው ዳር፣ ከኮረብታው አናት ይነሣል። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ገበያው መካከል ይቆማል። በጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነበር። የሚሳፈሩትም ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ ዘበኛ አለ፤ ቤቱ ድልድዩ አጠገብ ነው። ቲማቲም በቅርጫት ይዛ፣ ሕፃን አዝላ ገበያ የምትወርድ ሴት አለች። አሸዋና ሲሚንቶ ሲሸከሙ የሚውሉ የቀን ሠራተኞች አሉ። ኪዳን አድርሳ የምትመለስ አንዲት አሮጊትም አለች።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ማርሽ ሲቀይር አውቶቡሱ አይንገጫገጭም። ጉድጓዱን ከሩቅ አይቶ ዞር ይልለታል። ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ ሙሉ እንስራ ከጀርባዋ እንደምታወርድ ሴት ነው፤ ቀስ አድርጎ፣ ሳያፈስ።

ተሳፋሪዎቹ ታዲያ አውቶቡሱ ገና ሲንቀሳቀስ ይተኛሉ። የቀን ሠራተኞቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ይደገፋሉ። ሕፃኑ ከናቱ ጀርባ ላይ ጭንቅላቱን ይጥላል፣ እናቱም ቅርጫቱን በጉልበቷ ይዛ ትከተለዋለች። ዘበኛው አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሲደርሱ ዐይናቸውን እያሹ በፊት በር፣ በሾፌሩ ትከሻ በኩል ይወርዳሉ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አያየውም። የሚናገሩት የዘገየ ቀን ብቻ ነው። «ሾፌር፣ ዛሬ አውቶቡሱን ገፍተህ ነው እንዴ ያመጣኸው?» ይሉታል፤ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ።

ሰውየው ይህን ብዙ ጊዜ ቻለው። እየዋለ እያደረ ግን ልቡ ሻከረ። ከፊቱ በተሰቀለችው መስታወት ወደ ኋላ ያያል፤ የተኛ ሰው ብቻ ነው የሚያየው። «እኔ ለእነዚህ መሪና ጎማ ነኝ» ይላል ለራሱ። «ሰው መሆኔን ያወቀ የለም።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያው ጋ ሲደርስ ጫጫታ ሰማ። የሌላ መስመር አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆሟል፣ ሾፌሩን ሰው ከቦታል። አንዱ ትከሻውን ይስመዋል፣ ሌላው እጁን ይዞ አልለቅም ይላል። «ጀግና! የናት ልጅ!» ይሉታል። ያ ሾፌር በፍጥነቱ የታወቀ ነው። ያን ቀንም ሲበር መጥቶ ከጭነት መኪና ጋር ሊላተም አንድ ክንድ ሲቀረው ነው ፍሬን የያዘ። ሰዉ ስላዳነው ያመሰግነዋል። ወደ ጭነት መኪናው ማን እንደወሰደው የጠየቀ አልነበረም።

የኛ ሰው ይህን አይቶ ወደ ቤቱ ገባ። «እሱ ሞትን ራሱ ጠራው፣ ራሱ መለሰው፣ ተመሰገነ» አለ። «እኔ ግን ስላልጠራሁት፣ ያየኝ የለም።» ይህን እያሰበ አደረ።

በማግሥቱ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሳፈሩ፣ እንደ ልማዳቸውም ተኙ። ቁልቁለቱ ጀመረ። ሰውየው እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ።

አውቶቡሱ ወረደ፤ ፈጠነ። መስኮቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ድልድዩ እየቀረበ መጣ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ረገጠው።

ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተወረወረ። ቲማቲሙ እስከ ሾፌሩ እግር ድረስ ተንከባለለ። ሴትየዋ ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃኗን በሁለት እጇ ደግፋ ተደፋች። አሮጊቷ «እመብርሃን!» ብላ ጮኸች። ዘበኛው ብረቱን አቅፎ፣ በሕልሙ ይሁን በውኑ ሳያውቅ ዐይኑን ያንከራትታል። የተጎዳ ሰው ግን አልነበረም።

ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞረ። «አይዟችሁ» አለ። «ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነበር። እንደምንም ያዝኩት።»

ያን ጠዋት እንደዚያኛው ሾፌር ተመሰገነ። የቀን ሠራተኞቹ «ወንድ ነህ!» እያሉ ጀርባውን መቱት። ሴትየዋ እያለቀሰች «ልጄን አተረፍክልኝ» አለችው። አሮጊቷ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንዲት ብርቱካን አወጣች፤ ከሷ ሌላ የያዘችው አልነበረም። «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» ብላ ሰጠችው። ብርቱካኗን ከመሪው ፊት ለፊት አስቀመጣት። ቀኑን ሙሉ እሷን እያየ ደስ ብሎት ዋለ።

ማምሻውን አውቶቡሱን ሲያስገቡ፣ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ጋራዥ አሳዩት?»

«አሳይቻለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም የለበትም አሉ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለችው። «የታወቀ ብልሽት ቢሆን ይጠገን ነበር።» ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

በማግሥቱ ተሳፋሪዎቹ ሲመጡ ሁሉም ሰላም አሉት። «እንዴት አደርክ ወንድማችን? ፍሬኑስ ደህና አደረ?» አሉት። እሱ ሲመኘው የኖረው ጠዋት ይህ ነበር። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ቁልቁለቱ ሲጀምር በመስታወቷ ወደ ኋላ አየ።

የተኛ ሰው የለም።

ሁሉም ዐይናቸውን ከፍተው እጁን ያያሉ። የቀን ሠራተኞቹ ከፊታቸው ያለውን ብረት ጨብጠዋል። ሴትየዋ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ሕፃኑ ጨንቆት ያለቅሳል። ዘበኛው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛው ሰው፣ እንቅልፍ ሲጥለው ይባንናል፤ መንገዱን ያያል፤ ደግሞ ይጥለዋል፤ ደግሞ ይባንናል። ዐይኑ ፍም መስሏል።

ሾፌሩ ምን እንደነበረውና ምን እንዳጣ ያኔ ገባው።

ድልድዩ ጋ ቆመ። ሊወርዱ የተነሡት «እግዜር ይስጥልን፣ በሰላም አደረስከን» ይሉታል። ከዚያ ቀን በፊት ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም፤ አሁን ግን ሊሰማው አልቻለም። ብርቱካኗን አንሥቶ ወደ አሮጊቷ ዘረጋት።

«እማማ፣ ይውሰዷት።»

«ምነው ልጄ? አልጣፈጠችህም?»

«አልቀመስኳትም፤ አትገባኝም። ፍሬኑ ደህና ነበር። አውቄ ነው የለቀቅሁት። እንድታዩኝ ብዬ ነው።»

አውቶቡሱ በጩኸት ተሞላ። «አንተ ጤና የለህም?» «በኛ ነፍስ ነው የምትጫወተው?» ትናንት «ወንድ ነህ» ያለው ጎልማሳ ኮሌታውን ያዘው። ቲማቲም ሻጯ ግን ሕፃኗን አቅፋ አየችው፤ ከስድቡ ሁሉ የከበደው ያ ነበር።

አሮጊቷ ብርቱካኗን ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረቻት። «ተዉት» አለች። «ማንም ሳይጠይቀው ተናግሯል። ነገ ደግሞ እናየዋለን።»

ሰውየው ለአለቆቹም ሄዶ ተናገረ። ቀጡት፤ ግን አላባረሩትም።

በማግሥቱ ሰዎቹ መጡ፤ ከኮረብታው የሚወርድ ሌላ አውቶቡስ አልነበረማ! ሰላምታው ግን ቀረ። ፊታቸውን አጥቁረው ይገባሉ፣ ብረቱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሳይናገሩ ይወርዳሉ። ሰውየውም ነዳ። ቁልቁለቱን እንደ ድሮው፣ ከድሮውም ይልቅ ቀስ ብሎ ወረደ። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶበት የማይታይ ሆነ። እሱ ግን የት የት እንዳለ ያውቃልና ዞር እያለለት ነዳ።

በመጀመሪያ የተኛው ሕፃኑ ነው። ሕፃን ቂም አይዝም። እናቱ ግን ገና ዐይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሣችም። ከብዙ ቀን በኋላ ደግሞ ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ራሱን በጓደኛው ትከሻ ላይ ጣለ። ቆይታ ሴትየዋም ሕፃኗን መልሳ አዘለችው። ዘበኛው ብቻ እንደተቀመጠ እያፈጠጠ ይሄዳል።

ጉም በሸፈነው አንድ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ መካከል ላይ ሾፌሩ አንድ ድምፅ ሰማ። ሞተሩ መስሎት ጆሮውን ሰጠ። ሞተሩ አልነበረም። በመስታወቷ ቢያይ፣ ዘበኛው ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዘበኛው አልነቃም። ትኬት ቆራጯ «ልቀስቅሰው?» ብላ በእጇ ጠየቀችው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ተይው። በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

ገበያው ላይ ዘበኛው ነቃ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፤ ቤቱ የለም።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ። «አሳልፈኸኝ መጣህ? አፍ የለህም? አትቀሰቅስም ነበር?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለለት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አለው።

ዘበኛው ግራ ገባው። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ለየለት» ብሎ፣ ጉንጩ ላይ የደረቀውን ለሃጭ እየጠረገ፣ እያጉረመረመ ወረደ። ሾፌሩም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ «ተመስገን» አለ።

ታሪኩ ይኸው ነው።

አሁን አስካለ፣ ወዳንቺ ልምጣ። ሾፌሩ ምስጋናውን በጆሮው ይጠብቅ ነበር፤ ምስጋናው ግን መስታወቷ ውስጥ ነበረ። ሰው የሚፈራውን ያመሰግናል፣ በሚያምነው ላይ ይተኛል። ያንቺም ተሳፋሪዎች የሚረሱሽ ደህና አድርገሽ ስለምትነጂ ነው። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ይህን አውቀዋለሁ። እንጀራ የሚበላ ሰው ማን እንዳረሰው አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጠጠር የነከሰ ቀን ነው። «ዛሬ ሴት ነች የምትነዳው፤ ኑዛዜያችሁን ጨርሳችሁ ግቡ» እያሉ የሚስቁብሽ እንዳሉም ነግረሽኛል። ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ምን እንደሚያደርጉ በመስታወትሽ እያቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ዝም እላለሁ።

ዐርብ ዕለት ጉልበቴን ለሐኪም ላሳይ ከአገር ቤት ስመጣ፣ ከመናኸሪያው በራስሽ አውቶቡስ አመጣሽኝ። ከኋላሽ ያለውን ወንበር ሰጠሽኝ። ስትነጂ እንዳይሽ ፈልገሽ ነበር። እኔ ግን ተኛሁ። ትናንት ለጎረቤትሽ «አባቴ እንኳ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም» ስትዪ ሰምቻለሁ። የታመመው ጉልበቴ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። በሚሄድ ነገር ላይ ተኝቼ አላውቅም። ገበያ በሚወስደን አይሱዙ ላይ እጄ እስኪደነዝዝ ብረቱን ይዤ ነው የምሄደው። ማሽላ ልጠብቅ ማማ ላይ ስወጣም አንድ ዐይኔ ክፍት ነው። ዐርብም ከኋላሽ የተቀመጥሁት ልጠብቅሽ ብዬ ነበር። ብትፈጥኚ «ቀስ በይ!» ልልሽ ተዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያውን ኩርባ ዞርሽ። ሁለተኛውንም ዞርሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። «አባባ፣ ደርሰናል» ስትዪኝ ነው የነቃሁት።

ምስጋና ባፌ አልለመደብኝም። ያን ቀን ግን አፌን ከፍቼ ሳንኮራፋ ነግሬሻለሁ፤ አልሰማሽኝም እንጂ።

ቁልፉን ማስረከብ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ አልከለክልሽም። እኔ ነገ ሐኪሙ ያየኛል፣ ማክሰኞ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። እስከ መናኸሪያው የምታደርሺኝ አንቺ ከሆንሽ ያንኑ ወንበር ያዢልኝ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን፣ መንገዱን ሁሉ ነቅቼ ነው የምሄደው።