ተራራውን ያሞገሰችው ቆቅ

«ኧረ ቀስ በይ እመት ቆቅ! ይሰማሻል!» አለ ሸርጣን፣ በጎኑ እየሮጠ መጥቶ።

«ማን ነው የሚሰማኝ?»

«እሱ ነዋ!» ሸርጣን አንዱን መቆንጠጫውን ወደ ተራራው ቀሰረ። «‹ወይ ማማር!› ስትይ ሰማሁሽ። እዚህ አገር ተራራ አይሞገስም።»

«ካማረ ምን ልበለው ታዲያ?»

«መላጣ በይው። እኛ የምንለው እንደዚያ ነው።»

እመት ቆቅ ሣቀች። ሸርጣን ግን አልሣቀም። ሸርጣን የምሩን ሲሆን ዓይኖቹ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

*

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ እንቅልፍ የያዛችሁ ግድግዳ ደገፍ በሉ። ድንጋይ ምላስ በነበረው፣ ውሃም ጆሮ በነበራት ጊዜ ነው። አንድ የሚጤስ ተራራ ከባሕር አጠገብ ተቀምጦ ይኖር ነበር። ከወዲህ ተራራ፣ ከወዲያ ባሕር፣ መሐል ላይ ጭብጥ የምታህል መንደር።

መንገደኛ ሁሉ እዚያ ሲደርስ አፉን ይዞ ይቆማል። ተራራው ከጢሱ ሥር ሐምራዊ ነው። ባሕሯ ከተራራው ሥር ሰማያዊ ናት። «ታድላችሁ!» ይላል መንገደኛው። «እንዲህ ያለ ቦታ መኖር!»

«አዎ፣ ታድለናል» ይላሉ መንደርተኞቹ፣ ከደጃቸው አመድ እየጠረጉ።

*

የመንደሩ ልማድ እንዲህ ነበር። ጧት ጧት ፀሐይ ከባሕር ብቅ ስትል ሁሉም ከየቤቱ ይወጣና ተራራውን ይተርበዋል።

«አባ ጢሶ! ዛሬም እርጥብ እንጨት ነው እንዴ የማገድከው? ጢስ ብቻ!» ይላል ሸርጣን።

«አባ ጢሶ፣ አናትህ ላይ አንዲት ሣር እንኳ የለችም፤ ምን ልበላ ልምጣ?» ትላለች ፍየል።

«አባ ጢሶ… አፍህን… ግጠም እንጂ… ዝንብ ይገባል» ትላለች እማማ ኤሊ። እማማ ኤሊ የመንደሩ ሽማግሌ ናት። አንድ ነገር ተናግራ እስክትጨርስ ሌላው ቁርሱን በልቶ አፉን ይጠርጋል።

ተራራውም ያጉረመርማል። «እናንተ ስድ አደጎች!» ይላል። ሆዱ ግን በሣቅ ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃ የማይጥል፣ ሕፃን የማይቀሰቅስ ትንሽ መንቀጥቀጥ። ከዚያ ተመልሶ ያንቀላፋል። መንደሩም ውሎውን ይውላል።

እመት ቆቅ ይህን ስታይ ለእነሱ አፈረችላቸው። እሷ ያደገችው ደጋ ላይ፣ በአንድ ትልቅ ጌታ አጥር ሥር ነው። እዚያ አውራ ዶሮው ሳይቀር መጀመሪያ ጌታውን አወድሶ ነው የሚጮኸው። ያላወደሰ ፍርፋሪ አያገኝም።

«ወይ ጋጠ ወጥነት!» አለች በሆዷ። «ይህን የመሰለ ባለ ግርማ ተቀምጦ፣ መላጣ ይሉታል!»

*

ቆቅ ጠንቃቃ ናት ይባላል። የሚባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ተረት ባላስፈለገ።

ባሏን ጭልፊት ከወሰደባት በኋላ ነው እመት ቆቅ ከደጋ የወረደችው። እንቁላሎቹን በሆዷ ይዛ፣ አገር አቋርጣ መጣች። ከባሏ የቀራት ያ ብቻ ነበር። ከተራራው ግርጌ ጥቁር ድንጋይ ከምራ ቤት ሠራች። ከቤቱ ጀርባ ያለውን አመድ በእግሯ ጫር ስታደርገው፣ ለካ ሞቃት ነው! ልክ የእናት ሆድ ያህል ይሞቃል።

«መሬቱ ራሱ የሚያቅፍ ከሆነማ» አለች፣ «እኔ ምን አስጨነቀኝ?»

እንቁላሎቿን አመዱ ውስጥ ቀበረቻቸው። ከዚያ ወደ ባሕር ወረደች። ውሃ ዳር ቆማ እግሯን ነከረች። ማዕበል ሲመጣ ትሸሻለች፣ ሲመለስ ታባርረዋለች። እንዲህ ስትል ዋለች።

«እንቁላል የለሽም እንዴ አንቺ?» አላት ሸርጣን።

«አለኝ። እየታቀፉ ነው።»

«በማን?»

«በባለ ግርማው።»

ሸርጣን ዓይኖቹን ከፍ ዝቅ አደረገ።

*

አንድ ማለዳ ከባሕር ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። አመዱ በረደ። እመት ቆቅ በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ አየችው። ወይ ራሷ ቁጭ ብላ ልታቅፍ ነው፣ ወይ ደግሞ… ግራ ቀኟን አየች። ሸርጣን የለም።

«ጌታዬ ተራራ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁመትህስ እንዴት ያለ ነው! ደመና እንኳ በፊትህ የሚያልፈው እጅ ነሥቶ ነው።»

ተራራው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምን አልሽ?»

«ቁመትህን አልኩ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። አመዱ ሞቅ አለ። እመት ቆቅ ክንፏን አራግፋ ወደ ባሕር ወረደች።

በማግስቱ ነፋሱ እንደገና መጣ። እመት ቆቅም እንደገና መጣች።

«ጌታዬ ተራራ፣ ጢስህስ! በትከሻህ ላይ ጣል ስታደርገው ባለ ካባ መኰንን ነው የምትመስለው።»

ተራራው ሁለቱንም ዓይኖቹን ገለጠ። «መኰንን ብቻ?»

አመዱ ጋለ። እመት ቆቅ እግሯን ቶሎ አነሣች። «ዛሬስ በደንብ ሞቀ» ብላ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ አልነበረም። አመዱም አልበረደም። ግን ተራራው ራሱ ጠራት።

«አንቺ ሴትዮ! ዛሬ ዝም ነው እንዴ?»

እመት ቆቅ ምን ታድርግ? ተጠይቃ ዝም ማለት አልተማረችም። «የተራሮች ንጉሥ ሆይ!» አለች፣ «ከአንተ በላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አለ ተራራው። አለና ተነፋ።

*

በዚያው ጧት መንደርተኞቹ እንደ ልማዳቸው ወጡ።

«አባ ጢሶ! ዛሬስ ሽሮው አልገነፈለብህም?» አለ ሸርጣን።

ጉርምርምታ የለም። ሣቅም የለም።

ቆይቶ ከላይ ወፍራም ድምፅ መጣ። «ከማን ጋር እንደምትቀልዱ ታውቃላችሁ?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ፍየል ልጆቿን ሰብስባ መንገድ ጀመረች። ፍየል ጥያቄ አታበዛም።

«ተራራ ቀልድ ሲጠፋበት…» አለች እማማ ኤሊ።

ሁሉም ጠበቀ። አሸዋው የሸርጣንን እግር መለብለብ ጀመረ። ዓሣዎች ከዳር እየሸሹ ወደ ጥልቁ ገቡ።

«…ጓዝሽን ሸክፊ» ብላ ጨረሰች።

*

ተራራው ተናገረ። «አንቺ ቆቅ! ከዚህ ሆኜ ድምፅሽ በደንብ አይሰማኝም። ወርጄ ደጅሽ ላይ ልቀመጥና እያየሁሽ አሞግሺኝ።»

«ኧረ ጌታዬ አይድከሙ! እኔ ጮክ እላለሁ!»

«ንጉሥ አይደክምም» አለ። ከአፉ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ቀስ የሚል። በደረቱ ቁልቁል ወደ እመት ቆቅ ቤት መውረድ ጀመረ።

እመት ቆቅ ወደ ጓሮ ሮጠች። አመዱን ጫረች፣ እግሯን ፈጃት። ጫረች፣ አፏን ፈጃት። ከአመዱ ሥር እንቁላሎቿ አሉ፣ ልትደርስባቸው ግን አልቻለችም።

«አያ ሸርጣን! ድረስልኝ! እንቁላሎቼን አውጣልኝ!»

ሸርጣን መጣና መቆንጠጫዎቹን አሳያት። «እህቴ፣ እነዚህ መቀስ ናቸው። የያዝኩትን ሁሉ ለሁለት ነው የማወጣልሽ።»

«ግድ የላችሁም፣ ይምጣ፤ እኔ አጠፋዋለሁ» አለች ባሕር፣ ማዕበሏን እየሰበሰበች።

«አንቺማ ታጠፊዋለሽ» አላት ሸርጣን። «እኛ ደግሞ እንቀቀላለን። ሸርጣን ሲቀቀል ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ቀይ። ቀይ ደግሞ አያምርብኝም።»

«ያበጠ የሚተነፍሰው ባሳበጠው አፍ ነው» አለች እማማ ኤሊ። እንደ ወትሮዋ አልቆየችም። ያን ጊዜ ነው እመት ቆቅ በእውነት የፈራችው። «ተርቢው ልጄ።»

*

እመት ቆቅ ወጥታ ከቤቷ ፊት ቆመች። ሙቀቱ ላባዋን አቆመው።

«አንተ!» አለች። «አንተ… አንተ… መልከ መልካም!»

ቀዩ ነገር ፈጠን አለ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ሸርጣን። «ምን ነካሽ?»

«አፌ ነው! ለምዶብኝ ነው!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች። ዓይኗን ጨፍና ያላትን ሁሉ አወረደችው። «አንተ ነፍሰ ገዳይ! አንተ የትም የተጣለ የድንጋይ ክምር! ዘር የሌለህ!»

ተራራው አገሳ። ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ በእማማ ኤሊ ጀርባ ላይ ነጥሮ ባሕር ገባ።

«ይኼ ስድብ ነው» አለች እማማ ኤሊ፣ አንገቷን መልሳ እያወጣች። «ስድብ ለጠላት ነው። ባልሽን… ስትቀልጂበት ምን ትይው ነበር?»

እመት ቆቅ ባሏ ትዝ አላት። ሆዳም ነበር። በቆሎ እርሻ ሲያይ ምራቁ ደረቱን እስኪያርሰው ድረስ ይጎመጅ ነበር። እሷም ትሥቅበት ነበር። እሱም በመጀመሪያ ይኮሳተርና ከዚያ ከእሷ ይበልጥ ይሥቅ ነበር።

ቀዩ ነገር ከአጥሯ ድንጋይ ደርሷል። ቀና ብላ አየችው። ከአፉ ወጥቶ በደረቱ ላይ ሲዝረከረክ አየችው።

«አባ ጢሶ!» አለች።

እንደዚያ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አባ ጢሶ፣ ኧረ ለሃጭህን ጥረግ!»

እመት ቆቅ ቀጠለች።

«እኔ ንጉሥ ነው ስል፣ ለካ አንዲት ሴት ስላሞገሰችው ደረቱ ላይ የሚያዝረከርክ ነው! እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ቤት የምትመጣው? በዚህ ዕድሜህ? አንገትህ ላይ ጨርቅ ልሰርልህ?»

ሸርጣን በአንድ ዓይኑ ብቻ ያያል፣ ሌላውን ጨፍኗል።

«…ለሃጭ?» አለ ተራራው።

ጎንበስ ብሎ ደረቱን አየ።

«ይታያል?»

«ከባሕር ማዶ ይታያል!» አለ ሸርጣን።

ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ትልቅ። አመድ እፍ አለ፣ ጠጠር ተንከባለለ፣ የእመት ቆቅ አጥር ፈረሰ። ተራራው እየሣቀ ነበር። «ስድ አደጎች!» አለ፣ ትንፋሽ እያጠረው። «እናንተ ስድ አደጎች!» የቀረውን ሳብ አድርጎ ዋጠው። የወረደው ደግሞ ባለበት ቆመ፤ ጠቁሮ ደረቀ። በዚያ የሚያልፉ መንገደኞች ያንን ጥቁር ድንጋይ እያዩ «ወይ ግርማ!» ይላሉ። የምን ግርማ! እኛ እናውቀዋለን።

*

አመዱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ከዚያ እመት ቆቅ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በአፏ እያንከባለለች አወጣች። እያንዳንዱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። ሲንቀሳቀሱ ሰማች። አንዱ ግን ድንጋይ ሆኗል። እሱን ረጅም ጊዜ ሰማችው። ሸርጣን ቀልድ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

የዳኑትን ቤት አስገብታ ራሷ ታቀፈቻቸው። ማንም ንገሪን ሳይላት «እኔ ነኝ ያሞገስኩት» አለች። «እንዲሞቅልኝ ብዬ ነው።»

«ያሞገሱት ያብጣል» አለች እማማ ኤሊ።

ሁሉም ጠበቀ።

«የሰደቡት ይቆጣል።»

ሸርጣን ቁጭ አለ። ባሕር አንድ ጊዜ ሄዳ ተመለሰች።

«የቀለዱበት ግን… አብሮ ይኖራል።»

*

ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እመት ቆቅ እግሯን ልታፍታታ ደጅ ወጣች። ተራራው ሐምራዊ ሆኗል። ባሕርም ወርቅ ሆናለች።

«እመት ቆቅ» አለ ተራራው፣ ጎረቤት እንዳይሰማው ቀስ ብሎ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቀልድ ሳይገባበት። ከእኔና ከባሕር ማን ያምራል?»

ባሕር ማዕበሏን አቆመች። ከአሸዋው ውስጥ የሸርጣን ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ።

እመት ቆቅ ወደ ተራራው አየች። ወደ ባሕር አየች። እንደገና ወደ ተራራው አየች። አፏን ከፈተች።

ከዚያ ገባችና በሩን ዘጋችው።