የጓንጉል ጾምና የማኅበሩ ቅቤ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ እዚያ ጥግ ያላችሁትም ኑ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጾመኛ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት መንደር ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ጓንጉል ታታሪ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ሆዱን ግን በጣም ይወዳል። አባቱ አያ ደምለው በጾም በጸሎታቸው አገር ያወቃቸው ሰው ነበሩ። እሳቸው ይጾሙ ስለነበር ጓንጉልም ይጾማል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ስለነበር ጓንጉልም ይሳለማል። ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። መሬቱንና በሬውን እንደወረሰ ጾሙንም ወረሰው፤ በቃ።

አንድ ሌላ ነገርም ወርሷል። ሁዳዴ ሲገባ የመንደሩ ማኅበር ሰው ለፋሲካ ድግስ የሚሆን ቅቤ በአንድ ትልቅ ማሰሮ ያጠራቅማል። ማሰሮው የሚቀመጠው አያ ደምለው ቤት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሰዉ፣ “የደምለው ልጅ እያለ የት እንወስደዋለን?” አለ። ማሰሮው እዚያው ቀረ።

እሑድ እሑድ ሴቶቹ የሳምንቱን ቅቤ ያመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ማሰሮውን ብድግ አድርገው ክብደቱን ያያሉ። “ጨምሯል፣ ተመስገን” ብለው ይሄዳሉ።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ጓንጉል ከእርሻ ተመለሰ። ሚስቱ ዘርፌ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ቅቤው በሙቀቱ ለስልሶ ቤቱን አውዶታል።

“ማሽተት መብላት አይደለም” አለና ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

“መንካትም መብላት አይደለም” አለና በጣቱ ነካ።

“የቆሸሸ ጣት ደግሞ መጽዳት አለበት” አለና ላሰው።

አያችሁ ልጆች፣ ጓንጉል አንድም ጊዜ “ቅቤ ልብላ” አላለም።

በማግስቱም ላሰ። በሦስተኛው ቀን ቂጣ ይዞ መጣ። ዘርፌ ስትገባ አየችውና፣ “ጢምህን ምን አብረቀረቀው?” አለች።

“ኑግ ነው” አላት።

“ኑግ እኛ ቤት አለ እንዴ?”

“ሰው ቤት ቀምሼ ነው።”

ቅዳሜ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ትዝ አሉት። ከአጥሩ ካብ ላይ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ነቀለ፣ ማሰሮው ውስጥ ከተተና በቅቤ ለሰነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጡጫ የሚያህል ከተተ። ከዚያ በኋላ የሕፃን ራስ የሚያህል። ሽማግሌዎቹም፣ “ጨምሯል፣ ተመስገን” አሉ።

ጓንጉል ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወም። ሲሰግድ ምንም አይሰማውም። ድሮም አይሰማው ስለነበር ልዩነቱን አላወቀውም።

የፋሲካ ዋዜማ ሴቶቹ ቅቤውን ሊያነጥሩ ጓንጉል ግቢ ተሰበሰቡ። እየዛቁ ሲገለብጡ ጭልፋው ድንጋይ መታ። አንድ ድንጋይ ወጣ። ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛው በሁለት እጅ ወጣ።

ሰዉ ድንጋዮቹን ከቦ ቆመ። ጓንጉልን ዞሮ ያየው ግን አንድም ሰው የለም። ያዩት አንጓችን ነው፣ አንዲት ከሲታ ላም ያላትን መበለት።

“አንጓች” አሏት ዋናው ሽማግሌ፣ “በአንዲት ላም ባለ አራት ላሟን ያህል ታመጪ ነበር። ነገሩ እንዴት ነው?”

አንጓች ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ፀጉሯ እንደ ገለባ ደርቋል። “ጾሙ ከገባ ለራሴም፣ ለልጆቼም ቅቤ አልቀባሁም። ለበዓሉ ብዬ ነው ያመጣሁት” አለች።

“ታዲያ ድንጋዩ ከየት መጣ? ከደምለው ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም።”

ተመካከሩና ፈረዱባት። ከማኅበሩ ትውጣ፤ እሳትም የሚሰጣት አይኑር። አንጓች አላለቀሰችም። ባዶ ቅሏን አንስታ ወደ በሩ አመራች።

ጓንጉል ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሰዎቹ ያመኑት አባቱን እንደሆነ፣ እሱም በሞተ ሰው ስም ተሸፍኖ መቆሙን ያን ጊዜ አወቀ።

“አንጓች፣ ተመለሺ” አለ። “የከተትኩት እኔ ነኝ። ቅቤውን በልቼው ነው።”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው በፍቅር ትከሻውን ያዙት። “የአባትህ ልጅ! የድሃዋን ኃጢአት በራስህ ላይ ታደርጋለህ?”

ደግ ተባለ ማለት ነው። አሁንም ዝም ማለት ይችል ነበር። ጓንጉል ግን ትልቁን ድንጋይ ቅቤው እየተንጠባጠበ ተሸክሞ ወደ ካቡ ሄደ፤ ከተነቀለበት ክፍት ቦታ ላይ ገጠመው። ልክ ገባ። ሌሎቹን ሁለቱንም አምጥቶ ገጠማቸው። ያን ጊዜ ሰዉ አመነው።

ሽማግሌው አንጓች እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቋት። ማሰሮው ወደ እሷ ቤት ሄደ። በበዓሉ ቀን ጓንጉል ቆሞ ሰው አስተናገደ፣ እሱ ግን አልቀመሰም።

ማታ የመንደሩ ቄስ መምሬ ቢረሳው አጠገቡ ተቀመጡ። “ስንት ዓመት ጾምክ?” አሉት።

“ከልጅነቴ ጀምሮ።”

“የማንን ጾም?”

“የአባቴን መሰለኝ” አለ።

“እሳቸውማ የራሳቸውን ጨርሰው ሄደዋል” አሉት መምሬ። “አንተ ገና አልጀመርክም። ሰኔ ላይ ጀምር።”

የሰኔ ጾም ሲገባ ጀመረ። ሆዱ እንደ ድሮው ይጮኻል፣ የሰው ቤት ቅቤም እንደ ድሮው ይሸተዋል። እሱም፣ “ጌታዬ፣ አምሮኛል፤ አግዘኝ” ይላል። ከአባቱ ያልሰማው፣ የመጀመሪያው የራሱ ጸሎት ይህ ነበር።

እና ልጆቼ፣ አባት መንገዱን ያሳያል፣ መሄዱ ግን የልጅ ሥራ ነው። ፈተና ደግሞ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም፤ “ማሽተት መብላት አይደለም” እያለ ነው የሚመጣው። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለታናናሾቻችሁ ንገሩ።